በካይሮ የቀረችኝ አንዲት ቀን

መንገደኛ ሰው በእንግዳ ከተማ ሰንብቶ ማታ የሚሳፈር በሆነ ጊዜ ያቺ የመጨረሻዪቱ ቀን ከሌሎቹ ቀኖች ሁሉ ትለያለች። ጓዙ ታስሯል፤ የማረፊያው ሒሳብ ተከፍሏል፤ ልቡም ግማሹ አገሩ ገብቷል። ቀኒቱ ግን ገና አላለቀችም። አንዱ ገበያ ይወጣባታል፤ አንዱ ይተኛባታል። እኔ ግን በመንገዴ ሁሉ ስሸሸው የኖርሁትን ነገር ያን ዕለት ለማድረግ ተገደድሁ። የሆነውን ለተወደዱት አንባቢዎቼ ሳልሸሽግ እነግራለሁ።

በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር ለመምህራን ሥልጠና ወደ ጀርመን አገር ተልኬ አንድ ወር ያህል ከተቀመጥሁ በኋላ ስመለስ፥ ትኬቱ በካይሮ በኩል የሚያልፍ ነበረና ሁለት ቀን እዚያ እንድቆይ ሆነ። ርካሽ ትኬት እንዲህ ነው፤ ገንዘብ ሲቀንስልህ ቀን ይጨምርብሃል። እኔም በዚህ አልተከፋሁም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ላደግን፥ ዳዊት ደግመን ዲቁና ለተቀበልን ልጆች ግብፅ ማለት እንዲያው አንድ የውጭ አገር ብቻ አይደለችም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወዲህ ጳጳስ ይመጣልን የነበረው ከዚያ ነው፤ የአባቶቻችን ቍጥር መቶ ዐሥራ አንድ ይላል። ንጉሡ እጅ መንሻ አስይዞ መልእክተኛ ይልካል፤ መልእክተኛውም በረሓውን አቋርጦ ካይሮ ከደረሰ በኋላ ደጅ ይጠናል። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በዚያችው ከተማ ነው። በ1951 ዓ.ም. ሰኔ 21 ቀን አቡነ ባስልዮስ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙትም በዚያው ነው። ደግሞም ወሩ ጥቅምት ነበረ፤ ወርኀ ጽጌ፥ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን ስደት የምናስብበት ወራት። በዚህ ወራት ይህን አገር ማየት ታላቅ ዕድል መሰለኝ።

ነገር ግን በሻንጣዬ ውስጥ አንድ ከረጢት ነበረ።

ከደብረ ብርሃን ስነሣ አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ አፉን በወፍራም ክር የሰፉትን ከረጢት ይዘው መጡ። ሽሮ፥ በርበሬ፥ በሶና ድርቆሽ ነው፤ ክብደቱ ከአምስት ኪሎ አያንስም። ሴት ልጃቸው በካይሮ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለችና፥ «መምህር፥ መንገድዎ በዚያ ከሆነ በእጅዎ ያድርሱልኝ፤ ዐይኗንም አይተው ይምጡልኝ» አሉኝ። በሄድሁበት ጊዜ ካይሮ ላይ የቆየሁት ሦስት ሰዓት ብቻ፥ ያውም ከአይሮፕላን ማረፊያው ሳልወጣ ስለ ነበረ፥ ሽሮው ከእኔ ጋር ጀርመን አገር ድረስ ሄዶ፥ አንድ ወር በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፥ አብሮኝ ተመለሰ። የማረፊያዬ ክፍል ወር ሙሉ የበርበሬ መዓዛ ሲሸት፥ ክፍሉን የምታጸዳው ሴት በየጠዋቱ መስኮቱን ትከፍት ነበር።

ልጅቱ ተማሪዬ ነበረች። ሃያ ዓመት ካስተማርኋቸው ልጆች መካከል የአማርኛ ድርሰት እንደ እርሷ አድርገው የሚጽፉ አምስት አይሞሉም። አባቷ በሞተ በዓመቱ፥ በ2010 ዓ.ም. ዐሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች፥ ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ነውና የውጤት ማስረጃ ይጻፍልኝ ብላ መጣች። ማስረጃውን በእጄ ጻፍሁላት። ከወረቀቱ ጋር ግን አንድ ቃል ጨመርሁላት፤ «ይህን ሁሉ ያስተማርሁሽ የሰው ምንጣፍ እንድትጠርጊ ነውን?» አልኋት። ይህንም የተናገርሁት በመምህራኑ ክፍል፥ ባልንጀሮቼ እየሰሙ ነው። እርሷ አንዳች አልመለሰችም። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ፥ እጅ ነሥታ ወጣች። እኔም የተናገርሁት ስለ ቈረቈረኝ ነው እንጂ ከክፋት አይደለም እያልሁ ራሴን ሳጽናና ሰባት ዓመት ኖርሁ። እናትዮዋ ይህን አያውቁም። ቢያውቁ ከረጢቱን ለሌላ ሰው በሰጡት ነበር።

እንግዲህ ዓርብ ማታ ካይሮ ገባሁ። ስልኳ በደብተሬ አለ፤ አልደወልሁም። ሌሊቱ ገፍቷል፥ ትተኛ ይሆናል አልሁ። ቅዳሜ ጠዋትም ሥራ ላይ ናት ብዬ ተውሁት፤ ፒራሚዶቹን ለማየት ወጣሁ። ስለ ፒራሚዶቹ ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ እኔ ልጨምርበት አልሻም። አራት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት የቆመ ድንጋይ ፊት ቆሜ ሳለሁ የማስበው ስለ አንድ ከረጢት ሽሮ ነበረ ብል ግን እውነት ነው። ማታ ሲሆን አፍሬ ደወልሁ። ድምፄን ገና እንደ ሰማች «መምህር!» አለች። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ለመለየት አልቻልሁም። እሑድ ከቀትር በኋላ ፈቃድ እንዳላት፥ በማር ጊርጊስ ባቡር ጣቢያ በር ላይ እንድንገናኝ ነገረችኝ። የእኔ አይሮፕላን የሚነሣው እሑድ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ የቀረችኝ ያቺ አንዲት ቀን ብቻ ሆነች።

እሑድ በማለዳ ሻንጣዬን ለማረፊያው ቤት ጠባቂ አደራ ሰጥቼ፥ ከረጢቱን በትከሻዬ ተሸክሜ ወጣሁ። የካይሮ የምድር ውስጥ ባቡር በ1980 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፥ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በየጣቢያው መግቢያ ዕቃ የሚያሳይ የፍተሻ መሣሪያ አለ። የእኔ ከረጢት በዚያ ውስጥ ባለፈ ጊዜ ፖሊሱ አስቆመኝ። ምን እንደ ሆነ በምልክት ጠየቀኝ፤ እኔም እጄን ወደ አፌ እያደረስሁ ምግብ መሆኑን በምልክት ነገርሁት። አላመነኝም። ጎንበስ ብሎ በስፌቱ በኩል አጥብቆ አሸተተ፤ ወዲያውም ሦስት ጊዜ አከታትሎ አነጠሰ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ሳቀ። ፖሊሱም ዕንባውን እየጠረገ እየሳቀ አሳለፈኝ። ከሳዳት ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ሔልዋን በሚወስደው መስመር ማር ጊርጊስ አራተኛው ጣቢያ ነው።

ከጣቢያው ሲወጡ አሮጌው ካይሮ ፊት ለፊት ይገኛል። ባቢሎን ይባል የነበረው የሮማውያን ምሽግ ግንብ አሁንም በከፊል ቆሞ ይታያል። በዚያ ምሽግ በር ማማዎች ላይ የታነጸችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን «ሙዓለቃ» ትባላለች፤ የተንጠለጠለችው ማለት ነው። ሃያ ዘጠኝ ደረጃ ወጥተው ይገቡባታል። እኔ የደረስሁት ቅዳሴው ሳያልቅ ነበረና በስተኋላ ቆምሁ። ከረጢቴን እግሬ ሥር አኖርሁ።

ቋንቋው ቅብጥና ዐረብኛ ነው። ሥርዐቱን ግን በልጅነቴ ያገለገልሁበት ስለ ሆነ ዲያቆኑ መቼ ምን እንደሚል ዐውቀው ነበር። «ኪርያላይሶን» በተባለ ጊዜ ሳላስበው ድምፄን አሰማሁ፤ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው አይተው ፈገግ አሉ። ልዩነትም አለ። እኛ ከደጅ ጫማ አውልቀን፥ መቋሚያ ይዘን እንቆማለን፤ እነርሱ በረጅም አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፥ ጫማቸውን የሚያወልቁት ሊቈርቡ ሲቀርቡ ነው። የእኛ ከበሮና ጸናጽል ነው፤ የእነርሱ ሁለት ትንንሽ የሚጋጩ ናሶችና በብረት ዘንግ የሚመታ ሦስት ማዕዘን ብረት። ጣሪያው የኖኅን መርከብ በሚመስል እንጨት የተሠራ ነው ይላሉ፤ የመቅደሱም መጋረጃ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ጥቁር እንጨት ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቍጠሪያ ባየሁ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደነቀኝ። ባባ 17፥ 1741 ዓመተ ሰማዕታት ይላል። ባባ የእነርሱ ጥቅምት ነው። ከአንድ ወር ያህል በኋላ፥ ከአገሬ ውጭ፥ ቀኑ ዐሥራ ሰባት መሆኑን ያለ ስሌት የሚያውቅልኝ ግድግዳ አገኘሁ።

ጥቅምት ዐሥራ ሰባት ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ የተሾመበት ቀን መሆኑ ትዝ አለኝ። እርሱና ባልንጀሮቹ በመጀመሪያ ለምን ሥራ እንደ ተሾሙ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል፤ ማዕድ ለማገልገል፥ የባልቴቶች ምግብ እንዳይጓደል ለመጠበቅ ነው። እኔ ዲቁና በተቀበልሁ ጊዜ የተማርሁት ዜማውን ነበር። ወደ እግሬ ሥር ወደ ባልቴቲቱ ከረጢት ተመለከትሁና ዐይኔን አነሣሁ።

ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ሲሆን በጣቢያው በር ቆምሁ። እርሷ ከባቡሩ መካከል ለሴቶች ብቻ ከተለዩት ሠረገላዎች ወርዳ መጣች። ቀድማ ያወቀችኝ እርሷ ናት፤ እኔ አሁንም የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እፈልግ ነበርና ባጠገቤ ስትደርስ እንኳ አላወቅኋትም። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ለበሰች፥ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ትከሻዋን ያዝኋት። ከረጢቱን ሰጠኋት። በስፌቱ ላይ ጣቷን አስኬደችበት፤ «የእማዬ ስፌት ነው» አለች፥ አፍንጫዋንም በጨርቁ ላይ ደፍታ ቆየች። እኔ ወደ ባቡሩ ሐዲድ ተመለከትሁ።

«ቤተ ክርስቲያኑን አዩት?» አለችኝ። ጠዋት አስቀድሼ ሁሉን አየሁ አልኋት። «ተክለ ሃይማኖትንስ?» አለች። ምን ማለቷ እንደ ሆነ አልገባኝም። ወደ ላይ መልሳ ወሰደችኝ፤ እንደገና ሃያ ዘጠኝ ደረጃ ወጣን። በስተቀኝ በኩል ጠዋት አጠገቧ ቆሜ ልብ ሳልላት በቀረኋት በር አስገባችኝ። በምሽጉ ማማ ላይ የተሠራች ጠባብ ጸሎት ቤት ናት፤ በጻድቁ አባታችን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመች። ሃያ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳነብ፥ በሙዓለቃ ውስጥ የእኛ አባት ስም መኖሩን አላውቅም ነበር። እርሷ ግን፥ «በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን እያለቀስሁ ገብቼ ነው ያገኘኋት። ስሙን ሰው ሲጠራ ሰማሁ፤ እዚህም አሉ ለካ አልሁ። አሁን ሃያ አራት ከፈቃድ ቀኔ ጋር ሲገጥምልኝ እመጣለሁ» አለችኝ። የምታስተምረኝ እርሷ ሆነች፤ እኔም እንደ ተማሪ ዝም ብዬ ተከተልኋት።

ከዚያ ወርደን በድንጋይ በተሠራው ጠባብ መንገድ ወደ ቅዱሳን ሰርጊስና ባኮስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ሕዝቡ አቡ ሰርጋ ይለዋል። የእነዚህ ሰማዕታት መታሰቢያ በእኛም ስንክሳር በዚሁ በጥቅምት ወር ነው። ከመቅደሱ በታች አንድ ዋሻ አለ፤ ቅድስት ቤተ ሰብ በስደታቸው ጊዜ ያረፉበት ነው ተብሎ ይታመናል። ዐባይ ሲሞላ ውኃው ከመሬት በታች እየመነጨ ያጥለቀልቀው እንደ ነበረ ይነገራል። የእኛው የዐባይ ውኃ ነው። ዝቅ ያለ፥ ቀዝቃዛ፥ ከሰው ጫጫታ የራቀ ስፍራ ነው። እኔ የማውቀውን የጽጌ ጸሎት በልቤ አደረስሁ። እርሷ ግን በግድግዳው ተደግፋ ተቀመጠች። ኋላ ስንወጣ «እዚህ ስመጣ ብዙ አልጸልይም፤ እቀመጣለሁ እንጂ» አለችኝ።

ረኃብ ተሰማንና ከግቢው ወጥተን ከአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ኮሸሪ የሚባለውን በላን፤ ሩዝ፥ መኰሮኒ፥ ምስርና ሽምብራ ተቀላቅሎ የቲማቲም ስልስና የተጠበሰ ሽንኵርት የሚጨመርበት ነው፤ ጽጌን ለሚጾም ሰው ምንም እንከን የለበትም። ሒሳቡን ልከፍል ገንዘቤን ባወጣሁ ጊዜ እጄን ያዘችኝ። «ዛሬ የእኔ እንግዳ ነዎት» አለች። የሰው ምንጣፍ ተጠርጎበት በተገኘ ገንዘብ ምሳ በላሁ።

ያን ጊዜ ነገሩን ልናገር ቆረጥሁ። «ልጄ፥ ያን ዕለት በመምህራን ክፍል የተናገርሁሽ…» ብዬ ጀመርሁ። ማሰሪያውን ቃል ግን አጣሁት። በክፍል ውስጥ አርባ አምስት ደቂቃ ያለ ማቋረጥ የምናገር ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ። እርሷ ጥቂት ዝም ብላ፥ «ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ» አለች። «በመጀመሪያ ክፉኛ ተቈጥቼ ነበር። ኋላ ግን፥ እኔን ለሌላ ነገር ያሰበኝ ሰው ነበረ ማለት ነው ብዬ ተውሁት።» ከቦርሳዋም በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። በእጄ የጻፍሁት የውጤት ማስረጃ ነው፤ በእጥፋቱ በኩል ተቀዶ በማጣበቂያ ተለጥፏል። አማርኛ ዘጠና አራት። «የትም ሥራ ቤት ይህን የጠየቀኝ የለም» ብላ ሳቀች። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም እንደ ገና ለመለመን ድፍረት አላገኘሁም።

ኑሮዋን ጠየቅኋት። ማዓዲ በሚባለው ሰፈር አንዲት በሽተኛ አሮጊት ታስታምማለች። ልጆቻቸው ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደመወዟን በጊዜው ይሰጧታል። ሌሊት አሮጊቷ ስለማይተኙ እርሷም አትተኛም፤ ዐይኗ ዙሪያ የጠቈረው ከዚያ የተነሣ ነው። በዚያ ደመወዝ የእናቷ ቤት ቈርቈሮ ለብሷል፤ ታናሽ ወንድሟም በእኔ ክፍል ተምሮ አልፏል፤ የመጻሕፍቱን ዋጋ የምትከፍል ማን እንደ ሆነች እኔ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የከበዳት ሌላ ነው። ለጥምቀት እመጣለሁ ብላ ለእናቷ ተስፋ ሰጥታለች፤ ይህ ሦስተኛው ጥምቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው አልፎበታል። ከወጣች የምትከፍለው መቀጫ አለ፤ ተመልሳ ለመግባት መቻሏም የማይታወቅ ነው። «በስልክ ልነግራት እጀምርና ድምፅዋን ስሰማ እመጣለሁ ብዬ እዘጋዋለሁ» አለችኝ። «ስለዚህ ጻፍሁት። እርስዎ ያንብቡላት። ከዚያ በፊት ግን ስሕተት ካለው ያርሙልኝ።»

ሁለት ገጽ ደብዳቤ ነው። በዚያ በተጨናነቀ ምግብ ቤት፥ ሳህኑን ወደ ጎን ገፍቼ አነበብሁት። የተጻፈውን ለአንባቢ መግለጥ ለእኔ አይገባኝም፤ የእናትና የልጅ ነገር ነው። ነገር ግን እውነት እላለሁ፥ አንድም ውሸት የለበትም፤ አንድም ማጋነን፥ አንድም ማልቀስ የለበትም። እመጣለሁ ብላ ሦስት ጊዜ የዋሸችውን ውሸት በአንድ ዐረፍተ ነገር አመነች፤ ቀጥላም የላሟን ጤንነት ጠየቀች። በክፍሌ ሳለች ዘጠና አራት መስጠቴ ንፉግነት ሆኖ ታየኝ።

ሁለት የፊደል ስሕተት አገኘሁ። «ዓመት»ን በአልፋው አ፥ «ሠራሁ»ን በእሳቱ ሰ ጽፋዋለች። ይህን ሳላርም ያሳለፍሁበት ጊዜ በዕድሜዬ የለም፤ ለአንዱ ግማሽ ነጥብ እቀንሳለሁ፥ ተማሪዎቼም በዚህ ያሙኛል። እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ፤ ተመልሼም ከተትሁት።

«እንዴት ነው?» አለች።

«አንዲት ስሕተት የለበትም» አልኋት።

«መምህር!» ብላ ሳቀች። «እርስዎ ምንም ያጡበት ጊዜ እኮ አልነበረም።»

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ጣቢያው ተመለስን። የእርሷ ባቡር ወደ ማዓዲ፥ የእኔም ወደ መካከለኛው ከተማ ነው፤ መቆሚያዎቹም በሐዲዱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ናቸው። ስንሰነባበት «እማዬ ከስታለች ወይ ብላ ትጠይቅዎታለች» አለችኝ። ምን ልበላት ብዬ ጠየቅኋት። «ያዩትን» አለች። ከረጢቱን እንደ ሕፃን ታቅፋ በማዶው መቆሚያ ስትቆም አየኋት። የእርሷ ባቡር ቀድሞ መጣ። ባቡሩ በሄደ ጊዜ መቆሚያው ባዶ ነበረ፤ የበርበሬው ሽታ ግን በትከሻዬ ላይ ቀርቶ ነበር።

ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ስሄድ መንገዱ በተሽከርካሪ ተጨናንቆ ነበርና ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። በመንገዴ ላይ መጠሪያው መጣርያ በሚባለው ሰፈር የእመቤታችን ዛፍ የሚባለውን ጥንታዊ ሾላ ለማየት አስቀድሜ አስቤ ነበር። በመርሐ ግብሬም ላይ ለዚያ ቀን ጽፌው ነበር። ጨልሞ ስለ ነበረ ሳላየው አለፍሁ። በማረፊያው ውስጥ ሁለት ሰዓት፥ በአየር ላይ አራት ሰዓት ያህል ቈየሁ። ንጋት ላይ አዲስ አበባ ስንደርስ ደብዳቤው በደረት ኪሴ ከእስክሪብቶው ጋር ነበረ።

ደብረ ብርሃን በገባሁ በማግሥቱ ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄድሁ። ብርዱ ጸንቶ ነበርና በምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ። ቡናውን ከማፍላታቸው በፊት ዐይኔን አይተው፥ «ከስታለች?» አሉኝ።

«አዎን፥ እትዬ። ከስታለች። ሌሊት አትተኛም። ጤንነቷ ግን ደኅና ነው» አልኋቸው። ከዚያም ስለ ተክለ ሃይማኖት ጸሎት ቤት፥ ስለ ዋሻው፥ ምሳ ስለ መጋበዟ ነገርኋቸው። በምሳው ጊዜ ደስ አላቸው፤ «ከፈለችልዎ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ከሰባት ዓመት በፊት የተናገርሁትንም ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ጀበናውን ከእሳቱ ላይ አንሥተው አስቀመጡና ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «አልነገረችኝም» ብቻ አሉ።

ደብዳቤውን አወጣሁ። ቀስ ብዬ፥ እንደ ምንባብ አድርጌ አነበብሁላቸው። የጥምቀቱ ነገር በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ነው። እዚያ ስደርስ ድምፄን ዝቅ ላድርገው ወይስ ልተወው ብዬ አስቤ ነበር፤ እንደ ተጻፈው አነበብሁት። ባልቴቲቱ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉና እየፈቱ ይሰሙ ነበር። ወደ ላሟ በደረስሁ ጊዜ «ወልዳለች በሏት» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ።

ጨርሼ ወረቀቱን ላጥፍ ስል እጃቸውን በእጄ ላይ አኖሩ።

«እስኪ ይድገሙልኝ» አሉኝ።

እኔም መነጽሬን ጠርጌ ከመጀመሪያው ቃል ጀመርሁ።